ቢላ ሲነካው ይበተናል ወይ?

ሶዶ የገባሁት በክረምት ነው። ዳሞታ በጉም ስለተሸፈነ ከተማው ተራራ ሥር መሆኑን ያወቅሁት ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰማዩ ሲገለጥ ነበር። የምደባ ደብዳቤዬንና ከወረኢሉ ስነሣ እናቴ የሰጠችኝን የጸሎት መጽሐፍ በአንድ ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስኩ። የሆስፒታሉን ስም እዚህ አልጽፍም፤ የሚያስፈልገው ሥራው ነው።

የኦፕሬሽን ክፍሉ ኃላፊ አቶ ደስታ ይባሉ ነበር። አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ከምንም ነገር ላይ የማይነሣ ነርስ ነበሩ። መጀመሪያ የሰጡኝ ከእግሬ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ነጭ ቦት ጫማ ነው።

«ዛሬ ቆመሽ ታያለሽ። ምንም አትንኪ» አሉኝ።

«እሺ።»

«ከነካሽ ደግሞ ወዲያው ተናገሪ። ‹ነካሁ› በይ። እዚህ ቤት የተሳሳተ አይባረርም። የሚባረረው ነክቶ ዝም ያለ ነው።»

ያን ቀን ጠዋት ሁለት ጊዜ «ነካሁ» አልኩ። መጀመሪያ እጅጌዬ አረንጓዴውን ንጹሕ ጨርቅ ሲነካ፤ ሁለተኛው ምንም ሳልነካ፣ በፍርሃት ብቻ። አቶ ደስታ በሁለተኛው ሳቁ።

«ያልነካሽውንም ትናዘዣለሽ እንዴ? ኦርቶዶክስ ነሽ መሰለኝ።»

«ነኝ።»

«ጥሩ ነው። ለዚህ ሥራ ይሆናል» አሉ። እሳቸው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ።

ከእጅ መታጠቢያው በላይ የተሰቀለው ሰዓት ከቆመ ቆይቷል። ከኦፕሬሽን በፊት እጅ የሚታጠበው ግን በደቂቃ ተለክቶ ነው። በምን እንደምለካ ጠየቅኋቸው። «እኔ በመዝሙር ነው የምለካው» አሉኝ፤ «ሦስት አዝማች ያለውን ከጨረስኩ እጄ ጸድቷል።» እኔ በአባታችን ሆይ ለካሁት። ጣቶቼን ስጨርስ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ እደርሳለሁ። ዛሬ ሰዓቱ ተቀይሯል፤ እጄ ግን አሁንም የሚታጠበው በጸሎቱ ልክ ነው።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። ኦፕሬሽን ሲደረግ ቢያንስ ሁለት ነርስ ይገባል። አንዷ ታጥባ፣ ንጹሕ ጋውንና ጓንት ለብሳ ከሐኪሙ ፊት ለፊት ትቆማለች፤ መሣሪያ የምታቀብለው እሷ ናት። ስክራብ እንላታለን። ሌላዋ አትታጠብም፤ ከውጭ ዕቃ ታመጣለች፣ ፓኬት ትከፍታለች፣ ትጽፋለች። እኔ ስክራብ ሆንኩ። በዚሁ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመሰገንኩት በቁጠባ ነው። መሣሪያ በእንፋሎት የሚቀቅልልን አውቶክሌቭ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቶሎ ቶሎ ይታመማል። ጓንት አንዳንድ ሳምንት ከመጋዘን አይመጣም። ስለዚህ ሌላዋ ነርስ በሦስት ትሪ የምትሠራውን እኔ በአንድ ትሪ እጨርሳለሁ። መቀስ፣ ወረንጦ፣ የደም ሥር መቆንጠጫ፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ አንድ ቦታ ይመለሳል። አቶ ደስታ አዲስ ነርስ ሲመጣ «እሷን እይ» ይሉ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አቶ አንጁሎ የመጡት ያኔ ነው። የሃላሌ ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው እሳት ላይ ወድቀው ቀኝ እግራቸው ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ጠባሳው ዕድሜ ልካቸውን ዝም ብሎ ኖሮ በስተእርጅና ቆሰለ፤ ጠርዙ ጠጠረ፤ መሐሉ እንደ አበባ ጎመን ፈነዳ። የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አንዳንዴ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ከቁስሉ የተወሰደው ናሙናም ይህንኑ አለ።

አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነው የሚሉት። ከወገባቸው በታች ደንዝዘው፣ ዓይናቸው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል። እግራቸውን በአዮዲን ስቀባ ከመጋረጃው ማዶ «አንተ ቀስ በል፣ እግሩ የእኔ ነው» አሉኝ።

«አይሰማዎትምኮ፣ አባ።»

«አይሰማም። ግን የእኔ ነው።»

ሐኪሙ ዶክተር መርክነህ ነበር፤ የዚያው አገር ልጅ፣ ያኔ ገና ወጣት። ደም እንዳይበዛ በዕጢው ዙሪያ መድኃኒት በመርፌ ወጋ። ከዚያ ዕጢውን ከነዙሪያው አወጣው። የቀረው ቦታ ሰፊ ስለሆነ ከጭን ላይ ስስ ቆዳ ተልጦ መሸፈን ነበረበት። ጭኑንም ከመላጡ በፊት ያንኑ መድኃኒት መውጋት ያስፈልጋል።

«መርፌ» አለኝ።

ትሪዬ ላይ ያለው ያው ቅድም ዕጢው ዙሪያ የገባው መርፌ ነው። አዲስ ማስከፈት እችል ነበር። ሞላሁበትና ሰጠሁት። ጓንትም አልቀየርንም። ዕጢውን በያዘው ወረንጦ የጭኑን ቆዳ ያዝን።

ለምን? የሰውዬው የራሱ ገላ ስለሆነ። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በሽታ እንዳይተላለፍ ተምሬአለሁ፤ እጠነቀቃለሁም። ከራሱ እግር ወደ ራሱ ጭን የሚለውን ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም አላሰብኩትም።

«በአንድ ትሪ ጨረሽው?» አሉኝ አቶ ደስታ።

«በአንድ ትሪ።»

«ተባረኪ።»

አቶ አንጁሎ በስምንተኛው ወር ተመለሱ። እግራቸው ጥሩ ድኗል። ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡና ጭናቸውን አሳዩን። ቆዳ የተላጠበት ቦታ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠንካራ እብጠት አለች። ዶክተር መርክነህ በጣቱ ነካካት። ትንሽ ቆርጦ ናሙና ላከ። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ ያው የእግሩ ካንሰር።

የውጤቱን ወረቀት ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ መርፌው ነው። ቀኑን ሙሉ እጄ ላይ ከበደኝ። ማታ ለጸሎት ስቆም ምን ብዬ እንደምጸልይ ግራ ገባኝ፤ ጥፋት ይሁን አይሁን የማላውቀውን ነገር ምን ብዬ ልናዘዝ?

በማግስቱ ዶክተርን ጠየቅሁት። ታካሚዎቹን ዞሮ ጨርሶ የበር ሥር ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ዶክተር፣ ያ እብጠት እንዴት እዚያ ደረሰ?»

«በደም ሊሄድ ይችላል።»

«በደም ከሆነ ለምን ሌላ ቦታ አልወጣም? ለምን ልክ የላጥንበት ላይ?»

በሆስፒታሉ አጥር ሥር ሰው ወደተከለው ስኳር ድንች በአገጩ አመለከተኝ።

«ስኳር ድንች ሲተከል አይተሻል? ዘር የለውም። ሐረጉን ቆርጠሽ እርጥብ አፈር ውስጥ ትሸጉጪዋለሽ፤ ይይዛል። ደረቅ መሬት ላይ ከወደቀ ይሞታል። ከዕጢ የሚረግፉ ሴሎችም አብዛኞቹ ይሞታሉ። አዲስ ቁስል ግን እርጥብ አፈር ነው። ገላችን ቁስሉን ለመዝጋት ‹እደጉ፣ ተባዙ› የሚል መልእክት ወደዚያ ይልካል። መልእክቱን የሚሰማው ጤነኛው ሴል ብቻ አይደለም።»

«ታዲያ እኛ ነን የተከልነው?»

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እርግጠኛ የሚሆን ሰው የለም፣ ሲስተር።»

አቶ አንጁሎ እንደገና ኦፕሬሽን እንዲደረጉ ተነገራቸው። እብጠቷ ገና ትንሽ ስለሆነች ተስፋ ነበረው። ውጤቱን ሲሰሙ አልተቆጡም። ከዘራቸውን አነሡ።

«አንዴ ነካችሁት፣ ከእግር ወደ ጭን ሄደ» አሉ። «ሁለተኛ ብትነኩት ወዴት ሊሄድ ነው?»

ኦፕሬሽኑን ትተው ወደ ሃላሌ ሄዱ። በዓመቱ መሞታቸውን ከአገራቸው በመጣ ሌላ ታካሚ ሰማን።

ከዚያ በኋላ የካንሰር ኦፕሬሽን ሲኖር ሁለት ጠረጴዛ ማዘጋጀት ጀመርኩ። አንደኛው ዕጢውን ለማውጣት፤ ሁለተኛው፣ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚቆየው፣ ለመስፋትና ቆዳ ለመውሰድ። ዕጢው ከወጣ በኋላ አንደኛው ጠረጴዛ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሁላችንም ጓንት እንቀይራለን፤ ከዚያ ሁለተኛው ይገለጣል። አቶ ደስታ መጀመሪያ ቅር አላቸው።

«አንቺ ነሽ ይህን የምታደርጊው? ያቺ ቆጣቢ ልጅ?»

ምክንያቱን ነገርኳቸው። መርፌውንም ነገርኳቸው። «ዘግይተሽም ቢሆን ‹ነካሁ› ብለሻል» አሉ። ለሁለተኛው ጠረጴዛ የሚሆነውን ትሪ ከመጋዘን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ዶክተር መርክነህ ለተጨማሪ ትምህርት ሄዶ ሲመለስ፣ በትልልቅ ሆስፒታሎች ይህ የቆየ ልማድ መሆኑን ነገረኝ። እኛ በራሳችን የደረስንበት መስሎኝ ነበር።

ጥያቄ ከጀመረ አያቆምም። ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ገዛሁ፤ ዶክተር በእረፍቱ ሰዓት ሲገኝ ከደብተሩ እያነበብኩ እጠይቀዋለሁ። ዕጢውን ሲያወጡ ለምን አይጨምቁትም? ሲጨመቅ ሴሎች ወደ ደም ሊገፉ ስለሚችሉ። ናሙና በመርፌ ሲወሰድስ አይበተንም? በመርፌው መንገድ መዝራት በጣም ጥቂት ጊዜ ታይቷል፤ ምን ዓይነት ዕጢ መሆኑን ሳያውቁ መቁረጥ ግን ከዚያ ይብሳል። ኦፕሬሽኑ ራሱስ ገላን አያዳክምም? ለጥቂት ቀናት ያዳክማል፤ የገላ ዘበኞች ያን ጊዜ ቁስሉ ላይ ተጠምደዋል፤ የሰመመኑ ዓይነት ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ገና የሚያጠኑ ሰዎች አሉ።

«ሲስተር፣ አንቺ ልትመረቂ ነው ወይስ እኔን ልትፈትኚ?» ይለኛል።

«እንዲገባኝ ነው።»

አንድ ቀን ዋናውን ጠየቅሁት። «ይህ ሁሉ ከሆነ፣ ባይነካስ?»

«ካልነካሽው ራሱ ይረግፋል። በየቀኑ። ያለ ጓንት፣ ያለ ጠረጴዛ፣ ያለ ማንም ጠባቂ። እኛ ስንነካው አንድ ጠዋት ነው፤ ስንተወው ሁልጊዜ ነው።»

ይህችን ቃል በቃል ጻፍኳት።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን ለታካሚ የምመልሰው ሌላ ነበር። በዞኑ ውስጥ ከየትም ይምጣ፣ ዕጢ ያለበት ሰው የሚጠይቀው አንድ ነው፤ ቢላ ሲነካው ይበተናል ወይ? ወረኢሉም ይባላል፤ እናቴ በስልክ «ብረት አይወድም ይላሉኮ» ብላኛለች። እኔ ደግሞ በፈገግታ «ውሸት ነው፣ አትፍሩ» እላለሁ። አጭር ነው፤ ያረጋጋል፤ ሰውም ይፈርማል። አቶ አንጁሎን እያስታወስኩ እንኳ እንዲያ አልኩ፤ ለብዙ ዓመት።

ከአራት ዓመት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ዶክተር መርክነህ ከዋርድ አስጠራኝ።

«አንዲት አስተማሪ አለች፣ ከበዴሳ። የግራ ጡቷ ላይ ነው። ናሙናው ካንሰር ብሏል፤ በብብቷ ግን ገና ምንም የለም። ጊዜው ጥሩ ነው። አልፈርምም አለች። ሴት ለሴት ተነጋገሩ።»

ካርዷን አየሁ። ታደለች አንጁሎ። የትውልድ ቦታ፣ ሃላሌ።

አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ የክረምት ትምህርት ተማሪዎቿን ደብተር ታርም ነበር። ቀይ እስክሪብቶዋን ሳታስቀምጥ አየችኝ።

«አንቺም ፈርሚ ልትይኝ ነው የመጣሽው?»

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ለምን እንዳልፈለግሽ።»

«አባቴ እግሩን ኦፕሬሽን ሲደረግ ጭኑ ጤነኛ ነበር። ከዚያ በፊት ገላውን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ጭኑ ላይ በቀለ። ሰው ‹ቢላ ሲነካው ይበተናል› ሲል ወሬ ነው ትላላችሁ። እኔ ግን ወሬ አይደለም የሰማሁት፤ አይቻለሁ።» እስክሪብቶዋን ከደነች። «እናቴ ቀድማ ሞታለች። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሳይነካ ጥቂት ዓመት ብኖር ይሻለኛል።»

«ውሸት ነው፣ አትፍሪ» ልል ነበር፤ ተውኩት። «እመለሳለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

ዶክተርን ኮሪደር ላይ አገኘሁት።

«የአቶ አንጁሎ ልጅ ናት። ልነግራት ነው።»

«ምኑን?»

«መርፌውን።»

ወረቀቱን ከእጁ ዝቅ አደረገ። «ሲስተር፣ እኛ ራሳችን እርግጠኛ ያልሆንበትን ነገር ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ? ጭራሽ ትሸሻለች። ክስም ሊመጣ ይችላል።»

«እርግጠኛ አለመሆናችንንም እነግራታለሁ።»

«ከሸሸችስ?»

ብነግራት ልትሞት ትችላለች፤ ብዋሻት እንኳ የምታምነኝ አይመስለኝም ነበር። ዶክተርም ያወቀው መሰለኝ።

«ዕጢውን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «ብቻሽን አንቺ ነሽ አትበያት። ሁለታችንም በያት።»

ተመልሼ ሄድኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ትሪውን፣ መርፌውን፣ ጓንቱን፣ ወረንጦውን በተራ ነገርኳት። ዶክተሩም እኔም እንደነበርን ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«እያወቃችሁ ነው?»

«ሳናውቅ። ከራሳቸው ወደ ራሳቸው ይሄዳል ብለን አላሰብንም።»

«አባቴን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አላውቅም። በደም ሄዶም ሊሆን ይችላል። በእኛ መርፌ ሄዶም ሊሆን ይችላል። እብጠቷ ትንሽ ሳለች ቢያስወጧት ኖሮ ምናልባት... እሱንም አላውቅም። የማውቀው፣ ያኔ በአንድ ጠረጴዛ መሥራቴን፣ አሁን በሁለት መሥራቴን ነው።»

ደብተሮቹን ሰበሰበች። ነጠላዋን ለበሰች። «ጦሲ ይየው» አለች፤ እግዚአብሔር ማለቷ ነው። ወጥታ ሄደች። በመስኮት አየኋት፤ በበሩ ባጃጅ ይዛ ወደ መናኸሪያ ወረደች።

ዶክተር ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። የፍልሰታ ጾም ላይ ነበርን፤ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመጣ መጀመሪያ የማየው የዋርዱን መዝገብ ነው። በእጅ መታጠቢያው ላይ ጸሎቱ መሐል ስሟ እየገባብኝ ቆጠራው ይጠፋኝና እንደገና እጀምራለሁ። «ሲስተር፣ ቆዳሽ አለቀኮ» ይሉኛል ልጆቹ።

በአሥረኛው ቀን መጣች። ዋርድ አልገባችም፤ ቀጥታ ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ቆማ አስጠራችኝ።

«ካንቺ በፊት ሦስት ሰው ጠይቄ ነበር» አለችኝ። «ሁሉም ‹ምንም አልተፈጠረም› አሉኝ። ምንም ካልተፈጠረ ጭኑ ላይ ማን ተከለው? ተማሪዬ መልሱን ሲሳሳት የት ላይ እንደተሳሳተ ካሳየኝ፣ ሁለተኛ እንደማይሳሳት አምነዋለሁ። መልሱን ብቻ ቀይሮ የሚያመጣውን አላምነውም።»

«እሺ።»

«ጠረጴዛዎቹን አሳዪኝ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልን አያውቅም። ዕለቱ ግን አርብ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ስለሚጸዳ ባዶ ነበር። ጫማ አስቀየርኳት፤ ቆብ አስደረግኋት። ሁለቱን ጠረጴዛዎች ኦፕሬሽን ያለ ይመስል ዘረጋሁላት። አንዱን ገፋሁ፤ ጓንት ቀየርኩ፤ ሌላውን ገለጥኩ። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ፈተና እንደሚቆጣጠር ሰው፣ ዞር ዞር አለች።

«ደሙን የሚመጠው ቱቦስ?»

«ይቀየራል።»

«ገላዬ ላይ የሚዘረጋው ጨርቅስ?»

«ከላይ አዲስ ይደረጋል።»

ቀና ብላ መብራቱን አየች። ከጠረጴዛው በላይ የተንጠለጠለው መብራት በመሐሉ እጀታ አለው፤ ሐኪሙ በጓንቱ ይዞ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ያዞረዋል። እጀታው ንጹሕ ሽፋን ይደረግለታል።

«እሱንስ? በፊተኛው ጓንት ይዞት፣ በኋለኛውም ይይዘዋል?»

ይህን ሁሉ ዓመት ጓንት እየቀየርን ያንኑ እጀታ እንይዝ ነበር። ደብተሬ ውስጥ የለም። ማንም አልጠየቀም።

«ይይዘዋል» አልኳት።

«እሱም ይቀየር።»

«ይቀየራል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቀየራል። እዚያው ቆመን የአቶ ደስታን ሕግ ነገርኳት፤ የነካ ሰው ጮክ ብሎ እንደሚናገር። ራሷን ነቀነቀች። ቅጹን በዚያው ቀይ እስክሪብቶ ልትፈርም ስትል በሰማያዊ መሆን እንዳለበት ነገርኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

የኦፕሬሽኑ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ተኝታ ሰመመን ሰጪው ጭንብሉን ሲያቀርብላት እጄን ፈለገች። ታጥቤ ነበርና መስጠት አልቻልኩም። አየችኝ።

«ሲስተር፣ ከነካሽ ትናገሪያለሽ አይደል?»

«እናገራለሁ።»

ተኛች።

ዶክተር ጡቱን ከነዕጢው ሳይጨምቅ፣ ቀስ ብሎ አወጣው። ከብብቷ የሚወሰደውንም ወሰደ። ለናሙና ማቆያው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን ውስጥ ገባ። አንደኛውን ጠረጴዛ ለመግፋት ዞር ስል ክንዴ ወደ ኋላ ሄደ። ጓንቴን ገና አልቀየርኩም። የትንሿ ጣቴ ጀርባ የሁለተኛውን ጠረጴዛ ጨርቅ ዳሰሰ።

ማንም አላየም። ዶክተር ደም እያቆመ ነው። ሰመመን ሰጪው ማሽኑን ያያል። ጨርቁ ደግሞ የላይ መሸፈኛ ነው፤ መሣሪያዎቹ ከሥር ናቸው።

«ነካሁ» አልኩ።

ዶክተር ቀና አለ። «ምን?»

«ሁለተኛውን ጠረጴዛ። በአሮጌው ጓንት። ጨርቁን።»

«ጨርቁን ብቻ? ምንም አይደለም ይሆናል።»

«ይሆናል። ግን ነካሁ።»

ሌላ ትሪ አውቶክሌቭ ውስጥ ነበር፤ እስኪወጣና እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። ዶክተር ቁስሉን በእርጥብ ጎዝ ሸፍኖ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆመ። ሁላችንም ቆምን። «ዛሬ ምሳ የለም» አለ ሰመመን ሰጪው። «ሲስተርማ ድሮም ጾመኛ ናት፤ የሚያሳዝነው የእኛ ነው» አለ ዶክተር። ሌላ ነገር አልተባለም። ትሪው መጣ፤ ጓንት ቀየርን፤ የመብራቱ እጀታ ሽፋን ተቀየረ፤ ሰፋን።

ታደለች ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጡቷ አልነበረም።

«ነካሽ?»

«ነካሁ። ተናገርኩ። ሁሉንም ቀየርን።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ጥሩ» አለች።

ኬሞዋን ሐዋሳ እየተመላለሰች ጨረሰች። ለቁጥጥር በየጊዜው ትመጣለች፤ እስከ አሁን ምንም አልተገኘም። አንዳንዴ ራሷ የፈጨችውን የቃሪያ ዳጣ በጠርሙስ ታመጣልኛለች፤ ያቃጥላል። በዴሳ ውስጥ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ስትኖር ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ሁለቱ ጠረጴዛዎች አዳኗት አልልም፤ ዋናው በጊዜ መምጣቷ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ብሠራም ይኸው ትሆን ነበር ይሆናል። አላውቅም፤ እንደማላውቅም ታውቃለች።

አሁን ለጥያቄው የምመልሰው እንዲህ ነው። ቢላ ሲነካው ሊረግፍ ይችላል፤ ስለዚህ እንጠነቀቃለን፤ የምንጠነቀቀውንም ይኸው እዩት። ካልተነካ ግን በየቀኑ ይረግፋል። ይህ መልስ ከፊተኛው ይረዝማል። የሚሸሽ ሰው አለ። አብዛኛው ይቆያል።

ባለፈው ወር ምሕረት የምትባል አዲስ ነርስ ተመደበችልን። ሁለተኛውን ጠረጴዛ ስዘረጋ አይታ ጠየቀችኝ።

«ሲስተር፣ ይህ መጥቀሙ ተረጋግጧል?»

«ሙሉ በሙሉ አልተረጋገጠም።»

«ታዲያ ለምን እንደክማለን?»

«ስለማይከብድ። ባንሠራውና በእኛ እጅ ቢተከልስ፣ እሱ ይከብዳል።»

ነጩን ቦት ጫማ ሰጠኋት፤ ለእሷም ሰፊ ነው። ያን ቀን የነገርኳት ሃያ ዓመት የተማርኩትን ሁሉ ነው፤ ዕጢ የነካ መሣሪያ ንጹሕ ሥጋ አይነካም። ከነካሽ ተናገሪ።